አርባ ስምንት ምስጋና

አዲስ አበባ
ሰኔ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአባቴ እህት፣ ለእናቴም ምትክ፣ ለአዳዳ ዘይቡ

አሰላሙ አለይኩም። ደብዳቤዎና ማሩ በወንድወሰን አውቶቡስ ትናንት ደረሱኝ። ማሩ አልፈሰሰም፤ ቁጣዎም እንዳለ ነው የገባው። ሁለት ወር ሙሉ አንድ መስመር አለመጻፌ ያስወቅሰኛል፣ ይቅር ይበሉኝ። ስልክ የሚሰሙ ቢሆን ኖሮ በየማታው እደውል ነበር እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ። ሠላሳ ዓመት ከቡና መፈልፈያ ማሽን አጠገብ ተቀምጦ ሚዛን ሲመዘግብ የኖረ ሰው ጆሮ ምን እንደሚተርፈው ግን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ያሳደጉኝ በዚያ ማሽን ነው።

«ይህን ሁሉ ቁጥር በየቀኑ የምጽፍልሽ ለምንሽ ነው?» ብለው ጠይቀዋል። እውነትዎን ነው፣ በቅጡ አላስረዳሁዎትም። እዚያ ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር የምትኖሩባቸው ስድስት ቤቶች መሞከሪያ ናቸው። አንድ ዓመት ተፈትነው ውጤታቸው ካማረ፣ ከአወቱ ወንዝ ዳር ለሚነሱት ቤተሰቦች እንደነሱ ያሉ ስልሳ ቤቶች ይሠራሉ። ካላማረ ግንባታውን የሚያጸድቀው ኮሚቴ ወደለመደው ይመለሳል፤ ስስ ብሎኬት፣ ባዶ ቆርቆሮ፣ በየካቲት ፀሐይ ሰው የሚጠበስበት ቤት። እኔ የነደፍኳቸው ግድግዳቸው ከዚያው ግቢ ከተቆፈረ አፈር የተጨመቀ ነው። ሲሚንቶው ጥቂት ነው፣ ለጡብ ማቃጠያ የተቆረጠ ዛፍ የለም፣ የጣሪያው ክፈፍ ሰፊ ነው፤ ከጣሪያው ሥር ያሉት ማስተንፈሻዎች ሙቀቱን ስለሚያወጡት ማራገቢያ አያስፈልግም። በጋው ከዓመት ዓመት እየባሰ ሲሄድ ድሃ ሰው ያለ መብራት ገብቶ እፎይ የሚልበት ቤት ነው ያሰብኩት።

እርስዎ ንጋትና ቀትር ላይ፣ ከሱብሂና ከዙህር ሶላት በኋላ በስድስቱም ቤት እየዞሩ የሚያነቡት ቴርሞሜትር ለዚህ ነው። መጠይቁም እንዲሁ። በስምንት ወር አርባ ስምንት መልስ ተሰብስቧል። «ቤቱ እንዴት ነው፣ ይመቻችኋል?» ለሚለው ሠላሳ ሁለቱ «አልሐምዱሊላህ»፣ አሥራ ስድስቱ «ጌታ ይመስገን» ብለዋል። እዚያ መረጃ የሚሰበስብልን ኢርፋን ሁሉንም «በጣም ይመቻል» በሚለው ዓምድ አስገባቸው። አርባ ስምንት ከአርባ ስምንት! አለቃዬ አቶ ወርቅአገኘሁ እንዲህ ያለ ውጤት አይተው አያውቁም።

አንድ ነገር ብቻ። ኢርፋን በላከልኝ ፎቶ ላይ በእርስዎ ቤት ማስተንፈሻ ውስጥ ጆንያ የመሰለ ነገር አየሁ። ምንድን ነው?

ልጅዎ ሩፈይዳ


ጅማ፣ ጊንጆ ጉዱሩ
ሰኔ 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለሩፈይዳ

ወአለይኪ ሰላም። እኛ ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። ዝናቡ ገብቷል፣ አልሐምዱሊላህ። ጉልበቴም እንደ ዕድሜው ነው፣ አልሐምዱሊላህ። ወንድወሰን «ከስታለች» ብሎ ነገረኝ። አርክቴክት ምግብ አይበላም እንዴ?

ስለ ጆንያው ጠየቅሽ። አይጥ ነው በዪውና እንለፈው።

ቤቱን በተመለከተ፣ ሰው ከወንዝ ጭቃ ወጥቶ ደረቅ ወለል ላይ ተኝቶ ምን ይላል? በየካቲት ከተማው ሁሉ ሲያለከልክ እኛ ቤታችን ውስጥ ጥላ ሥር እንደተቀመጠ ሰው ነበርን። የሰፈሩ ሰው እየመጣ ግድግዳውን በእጁ ይዳስስ ነበር። ይህን ማንም ሳይጠይቀኝ እመሰክራለሁ።

ሂንድ ሰላም ብላሻለች። ታውቂያታለሽ፤ በመፈልፈያው ግቢ እኔ ስመዝን እሷ ስትለቅም አብረን አረጀን። አሁንም አወቱ መንደራ፣ ወንዙ ዳር ባለችው ክፍሏ ናት። ባለፈው ሳምንት ውሃው ደፉን አልፎ ገባባት፤ ፍራሿን ጠረጴዛ ላይ ሰቅላ ሁለት ቀን ቁጭ ብላ አሳለፈች። ጁምዓ በመጣ ቁጥር ጆሮዬ ሥር እየጮኸች «የሩፈይዳ ኮሚቴ መቼ ነው የሚቀመጠው?» ትለኛለች። መስከረም እላታለሁ። «ኢንሻአላህ በይ» ትላለች። ኢንሻአላህ እላለሁ።

የአራት ቁጥሯ ጎረቤቴ ቃለሕይወትም ሰላም ብላሻለች። ከደቡብ ከመጡ ሁለት ዓመት አልሞላቸውም፤ ባሏ ኖህ መጋዘን ቡና ይጭናል። ልጃቸው ዮኤል አራት ወሩ ነው፣ ወፍሯል፣ ማሻአላህ። በቀን ስምንት ጨርቅ ያረጥባል፣ በዚህ ዝናብ ደግሞ የሕፃን ጨርቅ እንዴት እንደሚደርቅ አላህ ያውቃል። እሱን ተዪው።

አዳዳሽ ዘይቡ


አዲስ አበባ
ሐምሌ 5 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአዳዳ ዘይቡ

አሰላሙ አለይኩም። ዛሬ በደስታ ነው የምጽፍልዎ፣ ፊደሌ ከተንጋደደ ለዚያ ነው።

ኢርፋን የሰኔን መዝገብ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ። ውጭው አሥራ ሦስት ዲግሪ በሆነበት ንጋት የእርስዎ ቤት ውስጥ ሃያ አንድ ነው! ግድግዳው የቀኑን ሙቀት ይዞ ያሳድራል ብዬ አስቤ ነበር፣ ይህን ያህል ግን በሕልሜም አልጠበቅሁም። ከሁሉም የሚገርመው አራት ቁጥር ነው። ሰኔ 27፣ ዙህር ላይ፣ ሃያ አራት። የዚያን ቀን የአየር ጠባይ አየሁት፣ ከጠዋት እስከ ማታ ዝናብ ነበር። አቶ ወርቅአገኘሁ «ይህን ቁጥር በሪፖርቱ ሽፋን ላይ በትልቁ እናትመው» ብለዋል። ለቃለሕይወት ይንገሩልኝ፣ ቤቷ ስመ ጥር ሊሆን ነው።

ሪፖርቱ ነሐሴ መጨረሻ ይገባል፣ ኮሚቴው መስከረም ይቀመጣል። ለሂንድ የምሥራች ይበሉልኝ፤ እንዲህ ባለ ውጤት ስልሳውን የሚከለክል ሰው አይታየኝም።

ለአይጡ በማስተንፈሻዎቹ ላይ የሚመታ የወንፊት ሽቦ በወንድወሰን ልኬያለሁ። ጆንያውን ያውጡት፣ አየሩን ያፍነዋል።

ልጅዎ ሩፈይዳ


ጅማ
ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለሩፈይዳ

እኛ ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። ሽቦው ደረሰ።

ያን ሃያ አራት የሚለውን ቁጥር ሽፋን ላይ አታድርጉት። ተሳስቼ ሊሆን ይችላል፣ አርጅቻለሁ። ሽፋን ካስፈለጋችሁ የየካቲቱን አድርጉ፣ እሱ ያምራል።

ቃለሕይወት ለጊዜው ቤቷ የለችም። ስትመጣ እነግራታለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ አንቺ ተምረሻል። ከሰል ጭሱ አልቆ ፍም ብቻ ከሆነ በኋላም ሰው ይጎዳል? የጠየቀችኝ ሂንድ ናት።

አዳዳሽ


አዲስ አበባ
ሐምሌ 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአዳዳ ዘይቡ

ከጥያቄዎ ልጀምር። አዎ፣ ይጎዳል። እንዲያውም ጭሱ ካለቀ በኋላ ያለው የባሰ ነው፤ ሽታ የለውም፣ ሰው ሳያውቀው ይወድቃል። ማንም ይሁን የጠየቀው፣ ዛሬውኑ ምድጃውን ከቤት ያውጣ፣ በርና መስኮቱን ይክፈት።

አሁን ደግሞ የእኔ ጥያቄ። በሠላሳ ዓመት አንድ ኪሎ ተሳስተው አያውቁም። ልጅ ሆኜ ስለ ግማሽ ኪሎ ከነጋዴ ጋር ሙሉ ቀን ሲከራከሩ አይቻለሁ፤ ነጋዴው ነው ደክሞት የሄደው። እንግዲህ «ተሳስቼ ሊሆን ይችላል» ሲሉኝ እንዴት ልመን? ቃለሕይወት የት ሄደች? ሕፃኑስ? ጆንያው በእርግጥ የአይጥ ነው? ለኢርፋን ደወልኩለት፣ «ሁሉም ደህና ናቸው፣ ይመስገን» አለኝ።

አዳዳ፣ በዚህኛው ደብዳቤ «አልሐምዱሊላህ» ብለው እንዳያልፉኝ። ምስጋናውን ጠልቼ አይደለም፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። ፈርቼ ነው።

ሩፈይዳ


ጅማ
ሐምሌ 24 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለሩፈይዳ

ቃለሕይወት አልሞተችም፣ ልጁም አልሞተም። መጀመሪያ ይህን ያዢልኝና ቀሪውን ተቀምጠሽ አንብቢው።

ቤትሽ በበጋ ጀነት ነው። በክረምት ግን ይበርዳል። ማስተንፈሻዎቹ መዝጊያ የላቸውም፣ ከግንቦት ጀምሮ ብርዱም ጉሙም በእነሱ ይገባል። ልብስ አይደርቅም። የምሰግድበት ምንጣፍ እንኳ ግንባሬን ያረጥበዋል። ስለዚህ በጆንያ ደፈንናቸው፣ ስድስታችንም። ኢርፋን ሊመጣ ሲል እናወጣለን፣ ሲሄድ እንመልሳለን። አንድ ቀን የእኔን ረሳሁት፣ ፎቶው ላይ ያየሽው እሱ ነው። አይጥ የለም። ቤት ውስጥ ከሰል እንዳናነድ ፈርመን ነበር የገባነው፤ እያነደድን ነበር። ያ ሃያ አንድ ዲግሪሽ የግድግዳው አይደለም፣ የምድጃው ነው።

ለምን አልነገርሽኝም ትዪኛለሽ። ኢርፋን መጠይቁን ይዞ በር ላይ ቆሞ «ቤቱ እንዴት ነው፣ ይመቻችኋል?» ሲል ምን እንበለው? እኔ ሰው እንዴት አደርሽ ቢለኝ፣ ጉልበቴን ቁርጥማት ይዞኝ ስቃትት ያደርኩ ብሆን እንኳ፣ አልሐምዱሊላህ ነው የምለው። ቤት ለሰጠሽ ሰው ቤትህ ይበርዳል ማለት ነውር ነው፣ በአላህም ማማረር ነው። ቃለሕይወትም በሷ በኩል ያደገችው እንዲሁ ነው፤ ጌታ ይመስገን ሳትል አፏን አትከፍትም። አንቺ ይህን ታውቂያለሽ፣ በዚህ ምላስ ነው ያሳደግሁሽ። ጥያቄውን ማን ጻፈው ብዬ ኢርፋንን ጠይቄው ነበር። «ሩፈይዳ ናት» አለኝ። ወላሂ አላመንኩትም።

ሌላም ምክንያት አለኝ፣ እሱን አልደብቅም። ቤቱ ጉድለት አለው ብል ስልሳው ይቀራል፣ ሂንድም ወንዝ ውስጥ ትቀራለች ብዬ ፈራሁ። ለአንቺም ስም ፈራሁ።

ሰኔ 27 ከዙህር በኋላ ቁጥር ላነብ አራት ቁጥር ሄድኩ። ዝናብ ነበር። በሩ ተዘግቷል። አንኳኳሁ፤ ብትመልስልኝም እንደማልሰማ ስለማውቅ እንደ ልማዴ ገፍቼ ገባሁ። የዮኤል ጨርቆች በምድጃው ዙሪያ በወንበር ላይ ተሰጥተዋል። ቃለሕይወት አንዱን ጨርቅ እንደያዘች ወለሉ ላይ ወድቃለች። ልጁ አልጋ ላይ ነው፣ ዓይኑ ግማሽ ተከፍቷል፣ አያለቅስም። ብድግ አድርጌ ዝናቡ ላይ አወጣሁት። ጮህኩ። ድምፄን ከሰማሁት ስንት ዓመቴ ነው፤ ያን ቀን ግን ጉሮሮዬ ውስጥ ተሰማኝ። ጎረቤት ደርሶ ሁለቱንም በባጃጅ ሆስፒታል ወሰዷቸው። ልጁ በማግሥቱ ጡት ያዘ። እሷ አምስት ቀን ተኛች፤ አሁን ደዶ፣ የኖህ እህት ዘንድ ናት። ራሴን ያዞረኛል ትላለች።

አሁን የማፍርበትን ልንገርሽ። ባጃጁ ከሄደ በኋላ ምድጃውን ላወጣ ተመልሼ ገባሁ። ቴርሞሜትሩ ዓይኔ ውስጥ ገባ። አነበብኩት። ሃያ አራት። ደብተሩን ከጉያዬ አውጥቼ ጻፍኩት። እጄ የለመደውን አደረገ። ከሰል ነበር ብዬ አጠገቡ አልጻፍኩም። በማግሥቱ ልጨምርበት ሳስብ ቃለሕይወት አልጋዋ ላይ ሆና እጄን ይዛ፣ ጆሮዬ ሥር «አዳዳ፣ በጌታ፣ እንዳይጽፉት፣ ቤቱን ይወስዱብናል» አለችኝ። ተውኩት። ከዚያ ያንቺ ደብዳቤ መጣ፤ ቁጥሩን ሽፋን ላይ በትልቁ ልታትሙት ነው።

ስልሳ ቤት ማለት ስልሳ ምድጃ ነው፣ ልጄ። በያንዳንዱ ቤት ጨርቅ የሚያረጥብ ሕፃን አለ። ማል ጎና፣ ኢንታላ ኮ? ምን እናድርግ፣ ልጄ? እኔ መዝኜ ሰጥቼሻለሁ።

ዘይቡ


አዲስ አበባ
ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለአዳዳ ዘይቡ

ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው በእርስዎ ተቆጣሁ፣ አልደብቅዎትም። አንድ ወር ሙሉ እንዴት ይደብቁኛል? በሁለተኛው በኢርፋን ተቆጣሁ። በሦስተኛው ግን የምቆጣው ሰው ከራሴ በቀር አልቀረም።

ያን ንድፍ ስሠራ ፊቴ ላይ የነበረው የየካቲትና የመጋቢት ሙቀት ብቻ ነው። በየስብሰባው የሚወራው ስለ ሙቀት ነው፣ እኔም ስለ ሙቀት አሰብኩ። የጅማን ክረምት ከመጽሐፍ ያነበብኩት ይመስል! በክረምት ዩኒፎርሜን ወደ መፈልፈያው ይዘው እየሄዱ በማሽኑ ሞተር ጎን አንጠልጥለው ያደርቁልኝ ነበር። ክፍል ውስጥ ቲቲ የምትባል ልጅ «የቡና ገለፈት ትሸቻለሽ» እያለች ታስለቅሰኝ ነበር። ያ ሁሉ ሲደረግልኝ ያደግሁ ሰው ስድስት ቤት ስነድፍ ልብስ የሚደርቅበት አንዲት ጥግ አላሰብኩም። መጠይቁም ያው ነው። ሰው ደጃፍ ቆሜ እንዴት ናችሁ ብል ምን እንደሚመልሱልኝ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃለሁ፤ ያንኑ ሰላምታ ቆጥሬ ሠንጠረዥ አደረግሁት።

አቶ ወርቅአገኘሁ ዘንድ ገብቼ ሁሉንም ነገርኳቸው። «የበጋውን እናቅርብ፤ የክረምቱን በግርጌ እንጥቀሰው። ስልሳው ይጽደቅ፣ መዝጊያው በኋላ ይታሰባል» አሉኝ። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፣ የታያቸው ስልሳው ቤተሰብ ነው። እኔም ለሁለት ቀን ልስማማ ምንም አልቀረኝም ነበር፣ ይህንንም ይወቁብኝ። ግን «ስልሳ ምድጃ» ያሉት ከጆሮዬ አልጠፋ አለ። የተዘጋጀውን ሪፖርት ትቼ የሆነውን ሁሉ ጽፌ ለኮሚቴው አስገባሁ። መስከረምን ሳይጠብቁ በአስቸኳይ ተሰብስበው ውሳኔውን በአንድ ዓመት አራዘሙት። ስድስቱ ቤቶች ይስተካከሉና ሌላ ክረምት ይፈተኑ ተብሏል።

ለቃለሕይወት ቤቷን ማንም አይወስድባትም። አስፈርሜ፣ ማኅተም አስደርጌ ከዚህ ጋር ልኬያለሁ፤ በእጇ ይስጧት።

ሂንድ ግን በእኔ ምክንያት አንድ ክረምት ወንዝ ዳር ልትከርም ነው። ራሴ ልጽፍላት ወረቀት አወጣሁ፣ ከስሟ አላለፍኩም። ይንገሩልኝ ማለትም ያሳፍረኛል። ይንገሩልኝ።

እንደ አዲስ ልጠይቅዎ። ቤቱ እንዴት ነው አልልም። ትናንት ያጠቡትን ልብስ የት አሰጡት? ስንት ቀን ፈጀ? ምን አነደዱ? ሲቀመጡ ከየትኛው ጥግ ሸሹ?

ሩፈይዳ


ጅማ
መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሩፈይዳ

እንኳን አደረሰሽ። መዘግየቴ ኩርፊያ አይደለም፣ ማማረር ስለፈቀድሽልኝ ሥራ በዝቶብኝ ነው። ስድስቱንም ቤት ሰብስቤ «ሩፈይዳ ጉድለቱን ንገሩኝ ብላለች» ብላቸው መጀመሪያ ሁሉም አንገቱን ደፋ። ኋላ ቃለሕይወት ጀመረች። ከደዶ ተመልሳለች፣ ወረቀቱን መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ አስቀምጣዋለች። እሷ ስትጀምር የሌላው አፍ ተከፈተ፤ ከሰዓት በኋላ እስካለው የዐስር ሶላት ድረስ አላበቃንም። እኔማ እንዲህ ያለ ደስ የሚል ቀን ካሳለፍኩ ቆይቻለሁ።

ልብሴን ያሰጣሁት በወንበር ጀርባ ነው፣ ሦስት ቀኑ ነው፣ አልደረቀም፣ መሽተት ጀምሯል። የምሸሸው ከበሩ በስተግራ ካለው ጥግ ነው፤ እዚያ ሻጋታ ወጥቷል፣ በጨርቅ ጠርጌዋለሁ። ያነደድኩት ምንም። ሁለት ጋቢ ደርቤ ነው የምጽፍልሽ።

አናጢው ከሊል መጥቶ አይቶታል። ማስተንፈሻው የእንጨት መዝጊያ ይኑረው፤ ቁመቴ ስለማይደርስ በዱላ የሚገፋ ይሁን። ነገር ግን ጥርቅም ብሎ እንዳይዘጋ። ጣት የምታህል ክፍተት ትኑረው፣ ሰው ነንና ልንረሳ እንችላለን። ይህን ያለችው ቃለሕይወት ናት።

የማሽኑን ሞተር ማስታወስሽ ደግሞ አንድ ነገር አመጣልኝ። ሁለት ሁለት ቤት በመካከሉ አንድ ማድቤት ቢጋራስ? የጭስ መውጫው በግድግዳው ውስጥ ወደ ላይ ቢወጣ ግድግዳው ይሞቃል፣ ጭሱ ግን ቤት አይገባም። ከማድቤቱ ጀርባ፣ ግድግዳውን ተደግፋ፣ አንዲት የልብስ ማስጫ ክፍል። ለማገዶ ገለፈት ሞልቷል፤ መፈልፈያዎቹ ይደፉታል፣ አሁን ጨምቀው ከሰል የሚያደርጉት ልጆች አሉ። እኔ የነገርኩሽ ወሬ ነው፣ ንድፍ የምታደርጊው አንቺ ነሽ።

ለሂንድ ነገርኳት። እንደ ልማዷ ጆሮዬ ሥር ትጮሃለች ብዬ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ሻሿን አስተካክላ ወጣች። ይኸው ሦስት ጁምዓ አልመጣችም።

አዳዳሽ ዘይቡ


አዲስ አበባ
ሐምሌ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአዳዳ ዘይቡ

አሰላሙ አለይኩም። የሂንድ ክፍል በሐምሌው ጎርፍ መናዱን ከጻፉልኝ ጀምሮ ብዕር ባነሳሁ ቁጥር አስቀምጠዋለሁ። እሷ ራሷ በደህና ስለወጣች አላህ ይመስገን። ውሳኔው ባይዘገይ ኖሮ ያ ክፍል ባዶ ሆኖ ነበር የሚናደው። ይህን የምለው እንዲያጽናኑኝ አይደለም።

ኮሚቴው ሰኞ ተቀመጠ። የሁለቱን ክረምት መዝገብ ጎን ለጎን አቀረብኩ፤ የመጀመሪያውን ከነምድጃው፣ ከነጆንያው፣ ከነሰኔ 27። አንዱ አባል «ይህን ለምን ታሳዪናለሽ?» አለኝ። ሰው እንዴት እንደኖረበት ሳላሳይ ስለ ቤት ማውራት አልችልም አልኩት። መዝጊያው፣ ማድቤቱና የልብስ ማስጫው ከተሠሩላቸው ወዲህ ቤቶቹ ከበፊቱ መዝገብ ያነሰ ሙቀት እንዳላቸው፣ ሙቀቱ ግን የቤቱ የራሱ እንደሆነ አስረዳሁ። ጸደቀ። ግን በአንድ ዓመት ውስጥ የብረቱም የቆርቆሮውም ዋጋ በጣም ጨምሯል። ለጊዜው የተፈቀደው ሠላሳ ቤት ብቻ ነው። ቀሪው ሠላሳ መቼ እንደሚፈቀድ አልተነገረኝም።

ዝርዝሩን አየሁት። ሂንድ አርባ አንደኛ ናት።

አዳዳ፣ ልክ ሠርቻለሁ? የምጠይቀው ሌላ ሰው የለኝም።

ልጅዎ ሩፈይዳ


ጅማ
ነሐሴ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሩፈይዳ

ደህና ነን ብዬ አልጀምርልሽም፣ በዝርዝር እነግርሻለሁ። የግራ ጉልበቴ ያመኛል። ጣሪያው በበሩ በኩል ዝናብ ሲበረታ ያንጠባጥባል፣ ለከሊል ነግሬዋለሁ። የማስጫዋ ክፍል ለሁለት ቤት ጠባለች፤ በሠላሳዎቹ ላይ ሰፋ አድርጊያት፣ አለዚያ ጎረቤት በገመድ ይጣላል። የገለፈቱ ከሰል አመዱ ብዙ ነው። ልብስ በአንድ ቀን ተኩል ይደርቃል። የጥጉ ሻጋታ አልተመለሰም።

ሂንድ እኔ ዘንድ ናት። ከጎርፉ ማግሥት አንዲት ሻንጣና ያንን ጠረጴዛ ይዛ፣ እንዳኮረፈች ነው የገባችው። የምትቀመጠው በማድቤቱ በኩል ነው፤ ሞቃቱን ግድግዳ ይዛብኛለች፣ እኔ በሩ አጠገብ ተቀምጬ እውላለሁ። ስለ ሠላሳው ነገርኳት፣ አርባ አንደኛ መሆኗንም። ከዚያ ጆሮዬ ሥር መጥታ «እንግዲህ እስክሞት ካንቺ ጋር ልኖር ነው?» ብላ ጮኸች። አልሐምዱሊላህ አልኳት። ሳቀች። ከአንድ ዓመት ወዲህ የመጀመሪያዋ ሳቅ ናት።

ትናንት ኢርፋን አዲሱን መጠይቅ ይዞ መጣ። ለሂንድም «እማማ፣ ትናንት ልብስ የት አሰጡ?» አላት። «አልሐምዱሊላህ» አለችው። ጎኗን ነካ አድርጌ «እሱን ለአላህ ንገሪ፤ ለኢርፋን የት እንዳሰጣሽ ንገሪው» አልኳት። ቆጣ ብላ አየችኝና ነገረችው። ከዚያማ ማን ያስቁማት፤ ወረቀቱን ገልብጦ በጀርባው ነው የጻፈው።

ልክ ሠርቻለሁ ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ። ሂንድን አትጠይቂያት፣ ክፍሏን ውሃ የወሰደባት እሷ ናት፣ ይህን የሚያቀልልሽ ቃል የለኝም። ሳስበው እኔንም ያመኛል። እኔን ከጠየቅሽኝ ግን የዛሬውን ቁጥር እሰጥሻለሁ፣ ኢርፋን እስኪልክልሽ አትጠብቂ። አራት ቁጥር፣ ዙህር ላይ፣ ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ፣ አሥራ ዘጠኝ። ምድጃ ቤት ውስጥ የለም፣ አልጋ ሥር ሳይቀር ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከመግባቴ በፊት አንኳኩቼ፣ እንደ ልማዴ በሩን ልገፋ እጄን ሳነሳ፣ ቃለሕይወት ዮኤልን ታቅፋ ራሷ ከፈተችልኝ።

አዳዳሽ ዘይቡ